ሁለት ግጥሞችን ጎን ለጎን ማንበብ፦ የሕይወት ጉዞና የመታደስ ሐሳብ በ«ሐረጎ» እና በ«ቋጠሮ»

ሁለት ግጥም አነጻጽሩ ሲባሉ ብዙ ተማሪዎች ወረቀቱን በመሃል አስምረው በግራ «የሚመሳሰሉበት»፣ በቀኝ «የሚለያዩበት» ብለው ይጀምራሉ። የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ሁለቱም ስለ ሕይወት ይናገራሉ» የሚል ነው። ይህን ለማለት ግን ግጥሞቹን ማንበብ አያስፈልግም፤ ርእሳቸውን ማየት ይበቃል።

እኔ ማነጻጸር የምለው ሌላ ሥራ ነው። ለሁለቱም ግጥሞች አንድ ዓይነት ጥያቄ ታቀርባላችሁ፤ ሁለተኛው የሰጣችሁ መልስ ወደ መጀመሪያው ሲመልሳችሁና ቀድሞ ያልሰማችሁትን ሲያሰማችሁ ማነጻጸሩ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚህ በታች የማሳየው አካሄድ ወደዚያ ለመድረስ ነው።

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተን ግጥም የምናነብ ጥቂት ሰዎች አለን። ለምሳሌ የመረጥኳቸው ሁለት ግጥሞች የተጻፉት በዚያ ክፍል በሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል፤ ግጥሞቹን እንድጠቀምባቸው ግን ፈቅደዋል። አንደኛው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ሲመላለሱ ኖረዋል። ሁለተኛዋ ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን ዳገት፣ ወጥታ ትመጣለች።

ሐረጎ

ከቆላው ተነሥቼ ጨው ጭኜ ስወጣ፣
ሐረጎ ላይ ሌሊት ጉም ከፊቴ መጣ።
መብራቴ ሁለት ክንድ መንገድ እየቸረኝ፣
ኩርባ ኩርባ ወልዶ ወደ ኋላ አዞረኝ።
ዞሬ ባየው ጊዜ ያን የመጣሁበት፣
አገኘሁት ያኔ የጠፋብኝን ቤት።
መሪዬን አውርሼ እጄ ባዶ ሲቀር፣
መንገዱ በብዕር እንደ አዲስ ሊጀመር።

ቋጠሮ

ክሬ ቢበጠስ ማሽኑ ዝም አለ፣
ጣቴ ብቻውን መንገድ ቀጠለ።
ሁለቱን ጫፎች ይዤ ሳገናኝ፣
ከቋጠሮው ውስጥ ወጣ አንድ ስንኝ።
ጨርቁ በሰው ላይ አገር ሲያዳርስ፣
እኔ ካንድ ቦታ ቆሜ ስታደስ፣
ማንም አያያት ያቺን ቋጠሮ፣
እኔ ግን በሷ ቋጠርኩኝ ኑሮ።

ደረጃ 1፦ በእጅ መገልበጥ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ

ሁለቱንም ግጥሞች በእስክርቢቶ ገልብጧቸው። በስልክ ፎቶ ማንሣት አይተካውም። እጅ ሲጽፍ ዓይን የዘለለውን ቃል ያገኛል፤ እኔ ራሴ «አዞረኝ» እና «ዞሬ» ተከታትለው መምጣታቸውን ያየሁት ስገለብጥ ነው። ከዚያ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በአንድ መቀመጫ ተከታትለው ከተነበቡ የአንዱ ዜማ በሌላው ላይ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ልኩንና ቤቱን መቁጠር

«ሐረጎ» በየወል ቤት የተጻፈ ነው፤ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም (በጆሮ አንድ ሆኖ የሚሰማ ድምፅ) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። «ቋጠሮ» ሰንጎ መገን ነው፤ አምስት በአምስት። ስትቆጥሩ ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ተከተሉ። ሳድስ ፊደል ከቀደመው ፊደል ጋር ተዋሕዶ ሲነበብ ለብቻው አይቆጠርም። «ማሽኑ» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ቢሆንም በጆሮ «ማሽ-ኑ» ነው፤ ሁለት ቀለም። «ከቆላው ተነሥቼ» ደግሞ «ከ-ቆ-ላው-ተ-ነሥ-ቼ» ብሎ ስድስት ይሞላል። በጠረጴዛ ላይ በጣት እየመታችሁ ብትቆጥሩ አትስቱም።

ልክ ብቻውን ምንም አይናገርም። «አጭር ስንኝ ስለሆነ ፈጣን ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ልኩን ከይዘቱ ጋር ግጠሙት፦ የሾፌሩ ስንኝ ረዘም ብሎ በመሃሉ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ መኪና። የሸማኔዋ አምስት በአምስት ሳይዛነፍ ይመታል። ማሽኑ ዝም ብሏል ትለናለች፤ ምቱ ግን በስንኙ ውስጥ አልቆመም።

አሁን ቤት የሚመቱትን ቃላት ብቻ ነጥላችሁ ወደ ታች ጻፏቸው። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ልማዱ በግስ ማለቅ ስለሆነ ስንኝ በግስ ቢያልቅ አይደንቅም፤ በስም ሲያልቅ ግን ገጣሚው አንድ ነገር አድርጓል። በ«ሐረጎ» ስምንቱ ማለቂያዎች «ስወጣ፣ መጣ፣ እየቸረኝ፣ አዞረኝ፣ የመጣሁበት፣ ቤት፣ ሲቀር፣ ሊጀመር» ናቸው። ከእነዚህ ስም የሆነው አንድ ብቻ ነው፤ «ቤት»። ሰውየው በግስ ተከቦ ሲንከራተት ኖሮ የሚያርፍበት አንድ ስም አገኘ። በ«ቋጠሮ» ሦስት ስሞች አሉ፦ «ስንኝ፣ ቋጠሮ፣ ኑሮ»። ሦስቱን ብቻ በቅደም ተከተል ብታነቧቸው የግጥሙን መንገድ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው?

ስለ ጉዞ የሚናገር ግጥም ሲገጥማችሁ «ጉዞው ምንን ይወክላል?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ ሁልጊዜ «ሕይወትን» ይሆናል፤ ከዚያም የምትሄዱበት ቦታ የለም። ይልቅ ግሶቹን ሁሉ አስምሩና ከእያንዳንዱ አጠገብ ባለቤቱን ጻፉ። ማን ወጣ? ማን መጣ? ማን አዞረ?

በ«ሐረጎ» የመጀመሪያ ስንኝ ግሶቹ የተናጋሪው ናቸው፤ እሱ ተነሣ፣ እሱ ጫነ፣ እሱ ወጣ። ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ ሥልጣኑ ከእጁ ይወጣል። የሚመጣው ጉሙ ነው። መንገዱን የሚቸረው መብራቱ ነው፤ ያውም ሁለት ክንድ ብቻ። የሚያዞረው ኩርባው ነው። «ቸረኝ» እና «አዞረኝ» ላይ ያለችውን «ኝ» ልብ በሏት። ሾፌሩ ከአድራጊነት ወደ ተደራጊነት ወርዷል። ከዚያ አምስተኛው ስንኝ «ዞሬ» ብሎ ይጀምራል። ያው ግስ ነው፤ አሁን ግን የራሱ ነው። ኩርባው ያስገደደውን ሰውየው ወደደው። የግጥሙ መታጠፊያ ይህ ነው፤ በ«አዞረኝ» እና በ«ዞሬ» መካከል ባለው ዝምታ ውስጥ።

ወደ «ቋጠሮ» ስንሄድ ዝርዝሩ ፍጹም ሌላ ነው። ክሩ ይበጠሳል፣ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ጣት ይቀጥላል፣ ስንኝ ይወጣል፣ ጨርቅ አገር ያዳርሳል። ሴትዮዋስ? ትይዛለች፣ ታገናኛለች፣ ትቆማለች፣ ትታደሳለች። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ሌላው ሁሉ ይሄዳል፤ እሷ ቆማ ታስኬደዋለች።

አንድ ቅዳሜ ይህን ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፍነው። ሾፌሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ወደ ወጣቷ ዞረው፣ «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት የሄድኩትን አንቺ ተቀምጠሽ ነው የሄድሽው?» አሏት። እሷም፣ «ቆሜ ነው እንጂ ጋሼ፤ ሽመና ክፍል መቀመጫ የለም» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ «ቆሜ» የሚለውን ቃል እንደ ጌጥ አላነበውም። ስምንት ሰዓት በእግር መቆም ነው።

ደረጃ 4፦ ሁለቱም ውስጥ ያለውን ቃል መፈለግ

ሁለት ገጣሚዎች ሳይመካከሩ አንድ ቃል ከተጠቀሙ ማነጻጸሪያው ያለው እዚያ ነው። እዚህ ሁለት አሉን። «መንገድ» በ«ሐረጎ» የሚቸር ነገር ነው፤ ከውጭ ይመጣል፣ ቆጠብ ተደርጎ ይሰጣል። በ«ቋጠሮ» ጣት የሚቀጥለው ነው፤ «ቀጠለ» ደግሞ መሄዱን ሳያቋርጥ ቀረ ማለትም፣ የተቆረጠን ገጠመ ማለትም ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መንገድን ይቀበላል፤ ሸማኔዋ ትሠራዋለች።

ሁለተኛው «ወጣ» ነው። በአንዱ ሰው ዳገት ይወጣል፤ በሌላው ስንኝ ከቋጠሮ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ግጥም ወደ መጀመሪያው የመለሰኝ። «ስወጣ» ያሉት ሾፌር መጨረሻ ላይ ብዕር ይዘዋል፤ ከዚያ ሁሉ ዳገት በኋላ ከእሳቸው የሚወጣ ነገር ሊኖር ነው። «ቋጠሮ»ን ባላነብ ኖሮ የመጀመሪያውን «ስወጣ» እንደ ተራ የመንገድ ቃል አልፌው ነበር።

ደረጃ 5፦ ኅብረ ቃሉን መፈተን

ኅብረ ቃል የሚባለው ሰሙንም ወርቁንም በአንድነት የያዘው ቃል ነው። የአማርኛ አንባቢ ሰምና ወርቅ መፈለግ ይወዳል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ መንዙማና አምባሰል እየሰማ ያደገ ሰው ጆሮው ለዚህ የተሳለ ነው። ይህ ሀብት ነው፤ ልጓም ግን ያስፈልገዋል። አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ስላለው ብቻ ሁሉም ፍቺ በግጥሙ ውስጥ አለ ማለት አይደለም።

«ቋጠሮ»ን እንፈትን። አንደኛ፣ የተበጠሰ ክር የሚቀጠልበት ቋጠሮ አለ፤ ይህ ሰሙ ነው። ሁለተኛ፣ ስንኝ ይቋጠራል፤ አራተኛው ስንኝ «ከቋጠሮው ውስጥ ወጣ አንድ ስንኝ» ስለሚል ግጥሙ ራሱ ይመሰክርለታል። ሦስተኛ፣ ስንቅም ጥሪትም ይቋጠራል፤ የመጨረሻው «ቋጠርኩኝ ኑሮ» ወደዚህ ይወስደናል። አራተኛ፣ ቂም ይቋጠራል። በንባባችን ላይ አንድ ወንድም ይህንን አጥብቆ ተከራከረ፤ «ማንም አያያት» የሚለው ውስጥ ምሬት አለ አለ። ጽሑፉን መልሰን አነበብነው። የተበደለ የለም፣ የበደለም የለም፤ «እኔ ግን» የሚለው ቃል ክስ ሳይሆን ድርሻን ማወቅ ነው። ስለዚህ አራተኛውን ፍቺ ተውነው። መፈተኛው ይኸው ነው፦ ፍቺውን የሚደግፍ ሌላ ቃል በዚያው ግጥም ውስጥ አሳዩ፤ ካላገኛችሁ ልቀቁት።

በ«ሐረጎ» ውስጥ «ቤት» መኖሪያም ነው፣ የስንኝ ማለቂያም ነው። ወርቁን የሚደግፈው «ብዕር» ነው። ሰውየው ያጣው ቤተሰቡ የሚጠብቀውን ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ግጥሙም ቤት አልመታ ብሎት ኖሯል። ደግሞ ተመልከቱ፤ ይህ ቃል ራሱ «የመጣሁበት» ከሚለው ጋር ቤት እየመታ ነው የተገኘው። የጠፋው ቤት የተገኘው በመጡበት መንገድ ውስጥ ነበር። «መሪ»ም እንዲሁ የመኪና መሪ ነው፣ የሚመራም ሰው ነው፤ ይህኛው ግን ብዙ አያስኬድም፤ ሾፌሩም ሲጠየቁ «መሪ መሪ ነው» ብለዋል።

ደረጃ 6፦ ቦታውንና ሥራውን ማወቅ

ለዚህ አጭር ምክር ብቻ አለኝ። ግጥሙ የቆመበትን መሬት እወቁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሐረጎ ላይ ሲደርስ ይጠማዘዛል። በኩርባው ላይ ወደ ታች ያየ ሰው ትንሽ ቀደም ብሎ ያለፈበትን አስፋልት ከእግሩ ሥር ያገኘዋል። ስለዚህ «ወደ ኋላ አዞረኝ» የተጋነነ ምሳሌ አይደለም። መንገዱ ከፍ ለማድረግ በእርግጥ ወደ ኋላ ያዞራል። ይህን ያላየ አንባቢ «ሾፌሩ ተስፋ ቆርጦ ሊመለስ ነበር» ብሎ ሊተረጉም ይችላል፤ አንድ እንግዳ እንደዚያ ብሎም ነበር።

የገጣሚውን የሕይወት ታሪክ ግን በማስረጃነት አታቅርቡ። ሾፌር መሆናቸውን ነግሬያችኋለሁ፤ ሆኖም ትንታኔያችሁ ያን ባታውቁም መቆም አለበት። «ጭኜ»፣ «መብራቴ»፣ «መሪዬን» የሚሉት ቃላት ይበቃሉ።

ደረጃ 7፦ መታደሱ ከየት መጣ?

እስካሁን የሰበሰባችሁትን ይዛችሁ ዋናውን ጥያቄ አሁን ጠይቁ። በእያንዳንዱ ግጥም ፈጠራ የታደሰው ምን ስለተፈጠረ ነው?

በ«ሐረጎ» መታደስ ዘግይቶ ይመጣል። መንገዱ ካለቀ፣ መሪው ለሌላ ከተላለፈ፣ እጅ ባዶ ከቀረ በኋላ ነው። ደግሞም ገና አልሆነም፤ የመጨረሻው ግስ «ሊጀመር» ነው። ዓረፍተ ነገሩ አልተዘጋም። «ሊጀመር ነው» ወይም «ሊጀመር ይችላል» አላሉም፤ ማሰሪያ አንቀጹን ነፍገውናል። መጀመሪያ ሳነበው የሰዋስው ጉድለት መስሎኝ ነበር። አሁን የግጥሙ ትልቁ ድፍረት እዚያ ያለ ይመስለኛል፤ አንድ ሽማግሌ ግጥሙን በጅማሬ ጨረሰው።

በ«ቋጠሮ» መታደስ በሥራው መሃል፣ ብልሽቱ በደረሰበት ቅጽበት ይመጣል። ክር ባይበጠስ ስንኝ አይወጣም። የመጨረሻው ግስ የተዘጋ ነው፤ «ቋጠርኩኝ»፣ አለቀ። ነገር ግን በአማርኛ የተለመደው «ኑሮ ቋጠርኩኝ» ነበር። ቤት እንዲመታላት ገለበጠችውና የግጥሙ የመጨረሻ ድምፅ «ኑሮ» ሆነ። ሥራው ተፈጸመ፣ ኑሮ ግን ቀጠለ።

ደረጃ 8፦ ማሰሪያ ሐሳቡን መጻፍ

«ሁለቱ ግጥሞች የሕይወትን ጉዞና መታደስን ያሳያሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት። የሚከራከርበት ሰው የሌለው ሐሳብ ገጽ አይሞላም። ከላይ ካየነው የሚወጣ ሐሳብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በ‹ሐረጎ› ሰው የሚታደሰው መንገዱ ወደ ኋላ እንዲያይ ሲያስገድደው ነው፤ በ‹ቋጠሮ› ግን የተቋረጠውን በቆመበት ሲቀጥል ነው፤ ስለዚህ አንዱ መታደስን ከትዝታ፣ ሌላው ከጥገና ያመጣዋል።» በዚህ ላይ አንባቢ ሊሟገት ይችላል። ሸማኔዋ ሁለቱን ጫፎች ስታገናኝ ያለፈውን ከሚመጣው ጋር እያገናኘች አይደለምን? ጥሩ ነው፤ ሙግቱን በጽሑፋችሁ ውስጥ አስገቡት።

አቀራረቡን በሁለት መንገድ ማድረግ ይቻላል። አንደኛውን ግጥም ጨርሶ ወደ ሁለተኛው መሄድ ለአጭር ጽሑፍ ያመቻል፤ ጉዳቱ ሁለት የተለያዩ ድርሰቶች መሆናቸው ነው። እኔ ነጥብ በነጥብ መሄድን እመርጣለሁ፤ በየአንቀጹ ሁለቱም ግጥሞች ይገናኙ። አንድ አንቀጽ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ፦

«በሁለቱም ግጥሞች ‹መንገድ› የሚለው ቃል ይገኛል፤ የሚሰጠው ግን የተለያየ አካል ነው። ‹መብራቴ ሁለት ክንድ መንገድ እየቸረኝ› ሲል ተናጋሪው ተቀባይ ነው፤ ‹ቸረ› የሚለው ግስ ሰጪው ከፍ ያለ፣ ተቀባዩ የሚጠብቅ መሆኑን ያሳያል። ‹ጣቴ ብቻውን መንገድ ቀጠለ› ሲባል ግን ማሽኑ ዝም ስላለ ሰጪ የለም፤ መንገዱ ከተናጋሪዋ አካል ይወጣል። ሾፌሩ በስተመጨረሻ ብዕር ሲያነሡ ወደ ሸማኔዋ አቋም ይቀርባሉ፤ ያኔ መንገዱ ከእጃቸው ይጀመራልና።»

ልብ በሉ፤ በአንቀጹ ውስጥ ከግጥሙ የተወሰደው ቃል በትክክል ተጠቅሷል፣ ከጥቅሱ በኋላ ስለ አንድ የተወሰነ ቃል ተነግሯል፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሁለቱን አገናኝቷል። ጥቅስ አስገብቶ «ይህ በጣም ጥልቅ ነው» ብሎ ማለፍ ትንታኔ አይባልም። የትኛው ግጥም እንደሚበልጥ መፍረድም አያስፈልግም፤ የሚያስገድዳችሁ ጥያቄ ካልቀረበ በቀር።

ደረጃ 9፦ ገልብጦ ማንበብ

ጽሑፉን ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ቀን አሳድሩት። በማግስቱ ግጥሞቹን ቅደም ተከተላቸውን ቀይራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ «ቋጠሮ» አስቀድሞ፣ «ሐረጎ» ተከትሎ። እኛ እንደዚያ ባነበብን ቀን ወጣቷ የራሷን ግጥም ጨርሳ የሾፌሩን ቀጠለች። «መንገዱ በብዕር እንደ አዲስ ሊጀመር» ላይ ስትደርስ እንዳልጨረሰ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አቆመች። ሾፌሩ ለራሳቸው ሲያነቡት ሁልጊዜ ዝቅ አድርገው፣ እንደ ስንብት ነበር የሚዘጉት። ሁለቱም ንባቦች በስንኙ ውስጥ አሉ። እኔ ማሰሪያ ሐሳቤን የቀየርኩት በዚያ ምሽት ነው፤ እናንተም ከዚህ ንባብ በኋላ የምትሰርዙት ዓረፍተ ነገር ካለ አትሳሱለት።